የፋሽን ፎቶግራፈር ረዳት ሆኜ በሐዋሳ ያሳለፍኩት የተግባር ልምምድ

ፎቶግራፍ መማር ከጀመርኩበት ጊዜ አንስቶ ራሴን በሐሳቤ የማየው ካሜራ ይዤ ነበር። ለተግባር ልምምድ በሐዋሳ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ከገባሁ በኋላ ግን በሦስት ወራት ውስጥ ካሜራ ለሥራ የያዝኩባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የቀረውን ጊዜ ያሳለፍኩት ሪፍሌክተር (ብርሃንን መልሶ ወደሚፈለግበት የሚልክ ጨርቅ) በመያዝ፣ ገመድ በመጠቅለል፣ ባትሪ ቻርጅ በማድረግና የቀሚስ ጫፍ በማስተካከል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ቅር ያሰኘኝ እንደነበር አልሸሽግም። አሁን መለስ ብዬ ሳየው ስለ ብርሃንና ስለ ጨርቅ የማውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ካሜራ ካልያዝኩባቸው ከእነዚያ ቀናት ነው። ስለዚህም በፋሽን ፎቶ ሥራ ላይ ረዳት እንዲሆኑ ለሚጠሩ ተማሪዎች ቢጠቅም ብዬ፣ ከተሳተፍኩባቸው ሥራዎች መካከል አብዝቶ ያስተማረኝንና ያጠፋሁበትን አንዱን ቀን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ሥራው የተካሄደው በኅዳር ወር ነው። አንዲት ዲዛይነር ከሸማ የሠራቻቸውን 11 ልብሶች ለሽያጭ ማስተዋወቂያ ፎቶ ልታስነሳ ወደ ስቱዲዮው መጣች። ፎቶግራፈሩ በሙያው ረጅም ዘመን የቆዩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እያልን ስለምንጠራቸው እዚህም በዚሁ እቀጥላለሁ። ከእሳቸው ሌላ ሁለት ሞዴሎች፣ አንዲት የሜካፕ ባለሙያ፣ ዲዛይነሯና እኔ ነበርን። በትልልቅ የፋሽን ሥራዎች ላይ ለመብራት፣ ለኮምፒውተርና ለልብስ የየራሱ ሰው ይመደባል። እንደ እኛው ባለ አነስተኛ ቡድን ግን ይህ ሁሉ በአንድ ረዳት ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ለተማሪ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕድል ያለ አይመስለኝም።

ለእኔ ሥራው የጀመረው በዋዜማው ነው። ጋሼ አንድ የተማሪ ደብተር ሰጥተውኝ የምንይዘውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ አስጻፉኝ፤ ሁለቱን ካሜራዎች፣ ሌንሶቹን፣ ሁለቱን ፍላሾች ከነትሪገራቸው (ፍላሹን ከካሜራው ጋር እኩል ከሚያበራው መሣሪያ ጋር)፣ ስታንዶቹን፣ ሪፍሌክተሩን፣ ሜሞሪ ካርዶቹን፣ ካውያውን፣ መርፌ ቁልፉን፣ ክሊፖቹን ሳይቀር። በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ለፊት ሁለት ባዶ ሳጥን አስመሩኝ፤ አንደኛው ስንወጣ፣ ሁለተኛው ስንመለስ ምልክት የሚደረግበት ነው። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አንድ ትሪገር ቢጠፋ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ በዚያው ቀን መሥራት አይታሰብም። ባትሪዎቹንም ገና ከቀትር በኋላ ቻርጅ እንዳደርግ ሲያዙኝ ለምን እንደቸኮሉ አልገባኝም ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ እኛ ግን የመጨረሻውን ባትሪ ከነቀልን ቆይተናል። የሞላው ባትሪ በቦርሳው ግራ ኪስ፣ ያለቀው በቀኝ ኪስ እንዲቀመጥ የተማርኩትም ያን ማታ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሞዴሏ ቆማ ስትጠብቅና የሁለት ባትሪ መልክ አንድ ሲሆን ግን ዋጋው ይታወቃል።

ቦታውን ደግሞ ጋሼ ከሁለት ቀን በፊት በዚያው ሰዓት ሄደው አይተውት ነበር፤ እኔንም ይዘውኝ ሄደዋል። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ ይገኛል። ስለዚህ ጧት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ውኃውን ከኋላው አድርጎ የሚቆም ሰው ፀሐይዋ ፊቱን ታበራለታለች፤ ማታ ግን በዚያው ቦታ ላይ ያው ሰው ፀሐይዋን በጀርባው ያዝላታል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምንገኝ ፀሐይ አትንከባለልም፤ ቀጥ ብላ ትወጣለች፣ ቀጥ ብላም ትገባለች። ከወደ ሰሜን ባሉ አገሮች ሰዎች የሚጽፉትን አንብቦ ለስላሳው የጧት ብርሃን ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆያል ብሎ የሚያቅድ ተማሪ እዚህ ይቸገራል፤ በእኛ ዘንድ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ጋሼ 11ዱን ልብሶች የከፋፈሉት በዚህ ስሌት ነው፤ አራቱን ጧት በሐይቁ ዳር፣ አራቱን እኩለ ቀን በስቱዲዮ፣ ሦስቱን ደግሞ ወደ ማታ አሞራ ገደል በሚባለው ሌላው የሐይቁ ዳርቻ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የሜካፕ ባለሙያዋ ሥራዋን ጀመረች፤ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ በቦታው ነበርን። የመጀመሪያዋ ሞዴል የለበሰችው ረጅም ነጭ የሸማ ቀሚስ ሲሆን በጫፉ ዙሪያ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት አለው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ነጭ ልብስ መናገር እፈልጋለሁ፤ በአገራችን የፋሽን ፎቶ የሚያነሳ ሁሉ ቀድሞ የሚገጥመው ፈተና ይኸው ነውና። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ የመጎተት ጠባይ አለው። ነጭ ሸማ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን የበዛ መስሎት ሥዕሉን ያጨልመዋል፤ ሸማው አመድማ፣ የጠይሟ ልጅ ፊት ደግሞ መልኩ የማይለይ ይሆናል። ይህን ለማስተካከል ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ፊቱ ያምራል፣ ነገር ግን የሸማው ፈትል መስመር ይጠፋና ልብሱ የወረቀት ቅዳጅ ይመስላል። ዲዛይነሯ የምትሸጠው ደግሞ ያንኑ ፈትል ነው። ጋሼ መፍትሔውን በአጭሩ አስቀመጡልኝ፦ «ልብሱን በካሜራ፣ ፊቱን በሪፍሌክተር።» ማለትም ካሜራው የሸማው ክር በማይቃጠልበት መጠን ይስተካከላል፣ ፊቱ ላይ የሚጎድለውን ብርሃን ረዳቷ ታመጣለች።

በነገራችን ላይ የጠይም ፊት በፎቶ ላይ መጨለም የፀሐይና የሸማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮዳክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለፎቶ አጣቢዎች ይልክ የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ «ሸርሊ» በሚል ስም ይታወቅ ነበር፤ በላዩ የነበረችውም ነጭ ሴት ናት። ለረጅም ጊዜ ትክክለኛ የቆዳ ቀለም ተብሎ የተለካው በእሷ ነበር። የእኛን ሰው መልክ በትክክል ማውጣት ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑን የተረዳሁት ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው።

ሪፍሌክተር መያዝ ማንም የሚችለው ሥራ ይመስለኝ ነበር። ክቡን ጨርቅ ይዤ ወደ ሞዴሏ ስዘረጋው ጋሼ ካሜራቸውን አውርደው «የያዝሽው ብርሃን የት እንዳረፈ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ያሳዩኝን ዘዴ ዛሬም እጠቀምበታለሁ፤ በመጀመሪያ ሪፍሌክተሩን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ነጸብራቁን ሣሩ ላይ መፈለግ፣ ካገኙት በኋላ እንደሚጎተት ጨርቅ ቀስ እያደረጉ በልብሱ ላይ አሳልፎ እስከ ጉንጯ ድረስ ማምጣት፣ እዚያ ሲደርስ እጅን ማጽናት። ብርሃኑ ከአገጭ በታች ከመጣ የዓይን ጥላ ወደ ላይ ይወጣና ፊት ያስፈራል፤ ስለዚህ ሪፍሌክተሩ ከደረት ከፍ ማለት አለበት። ከፍ ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ፊቱን እያበራ ሸማውን ይተወዋል። ሞዴሏ ዓይኗን ካጨማደደች ብርማው ገጽ በዝቶባታል ማለት ነውና ወደ ነጩ ይገለበጣል፤ ነጩ ደካማ ስለሆነ ግን ጠጋ ማለት ይፈልጋል። ወርቃማውን ገጽ ጋሼ በዚያ ቀን ጨርሶ አላስነኩኝም። ለፊት ሙቀት ቢሰጥም ነጩን ሸማ ቢጫ ያደርገዋል፤ ደንበኛ በፎቶው ላይ ቢጫ የመሰላትን ቀሚስ አዝዛ ነጭ ቢደርሳት የሚወቀሰው ሸማኔው ነው።

የለበስኩት ቀይ ሹራብ ነበር፤ የጧቱ ብርድ አስገድዶኝ። ነጩን ገጽ ይዤ ስጠጋ በቀሚሱ ጎን ላይ ቀላ ያለ ጥላ ታየ፤ የእኔው ሹራብ በፀሐይ ተመትቶ ሸማው ላይ ያረፈ ነው። ዲዛይነሯ ስስ ጥቁር ጃኬት አበደረችኝ። ረዳት የሚሆን ሰው ጥቁር ወይም ግራጫ ይልበስ፤ ይህን በትምህርት ክፍል ማንም አልነገረኝም ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሁለተኛው ልብስ ለሞዴሏ ወገብ ላይ ሰፋ ስላለ ዲዛይነሯ ከኋላ ሰብስባ በሁለት ጥቁር ክሊፖች ያዘችው። በፋሽን ፎቶ ይህ የተለመደ ነው፤ ልብሱ ከፊት ልክ ሆኖ እስከታየ ድረስ ከኋላ ምን እንደያዘው ማንም አይጠይቅም። ጋሼ ማንሳት ጀመሩ። ፀሐይዋ ልክ የምትፈለገው ከፍታ ላይ ነበረች፣ ውኃው ረጋ ብሏል፣ ልጅቷም በጧቱ ከነበረባት መደናገጥ ወጥታ ሰውነቷ ተፍታቷል። ጋሼ «እንዲሁ! እንዲሁ ቀጥይ!» እያሉ ወደ ግራ ዞር እንድትል በእጃቸው ምልክት ሰጧት። ዞር ስትል ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተ፤ ከወገቧ በስተጎን ደግሞ አንደኛው ክሊፕ በነጩ ሸማ ላይ እንደ ጥንዚዛ ቁጭ ብሎ ታየኝ።

አየሁት። በግልጽ አየሁት፤ ዝምም አልኩ። በልቤ የተመላለሰውን በትክክል አስታውሳለሁ። ጋሼ ይህን ያህል ዘመን የሠሩ ሰው ናቸውና እሳቸውም አይተውታል፤ ምናልባትም ከፍሬሙ ውጭ ነው፤ ሁለት ሳምንት ያልሞላኝ ተማሪ እንዲህ በተመስጦ እየሠሩ ሳሉ እንዴት አቋርጣቸዋለሁ፤ ራሳቸው ሲያቆሙ እነግራቸዋለሁ። ታላቅ ሲናገርና ሲሠራ አለማቋረጥ ካደግኩበት ቤት የወረስኩት ነው፤ ይሉኝታ አፌን ያዘው። ጋሼ ሲያቆሙ 43 ፎቶ ተነስቷል፤ ፀሐይዋም ከፍ ብላ የሞዴሏ ዓይኖች ሥር ጥላ መጣል ጀምራለች።

ክሊፑን በካሜራው ስክሪን ላይ ቀድማ ያየችው ዲዛይነሯ ናት። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «አይተሽው ነበር?» ሲሉኝ አላየሁም ማለት አልቻልኩም። «አዎ ጋሼ» አልኩ። «ከመቼ ጀምሮ?» «ከዞረችበት ጀምሮ።» አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ካሜራው ዓይኔ ላይ ሲሆን እኔ የማየው ዓይኗንና ፎከሱን ነው፤ ሌላው ሁሉ ይጠፋብኛል። የቀረውን እንድታይልኝ ነው አጠገቤ ያቆምኩሽ። ቤት ውስጥ ዝም ብትይ ጨዋነት ነው፤ እዚህ ግን ዝምታሽ ያስከፍለኛል።»

አስከፈላቸውም። ጥቁር ነገር ከነጭ ሸማ ላይ በኮምፒውተር ማጥፋት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሸማው ሽመና መስመር በመስመር ስለሚሄድ ከሌላ ቦታ የተቀዳው ቁራጭ እጥፋቱ ላይ ሲለጠፍ ክሩ አይገጥምም። ጋሼ ከ43ቱ ሦስቱን ለማዳን አንድ ሙሉ ምሽት ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ለደንበኛዋ የሚሰጥ ሆነ።

ከዚያች ደቂቃ በኋላ አንድ ስምምነት አደረግን፤ ለሌሎችም የምመክረው ይህንኑ ነው። ችግር ሳይ «ልብስ!» ብዬ በአንድ ቃል ጮክ እላለሁ፤ ማብራሪያ፣ ይቅርታ፣ «ጋሼ አንድ ጊዜ ቢፈቅዱልኝ» የሚባል ነገር የለም። እሳቸው ወዲያው ያቆማሉ፣ ሞዴሏ ባለችበት ትቆያለች፣ እኔ ገብቼ አስተካክዬ እወጣለሁ። ቃሉ አስቀድሞ ስለተወሰነ ማቋረጥ መሆኑ ቀርቶ የሥራው አካል ይሆናል፤ ይሉኝታም ቦታ አያገኝም። ልምምድ የምትጀምሩ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ፣ «ችግር ሳይ ምን ልበልዎ?» ብላችሁ ጠይቁ። አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ እንደ ጋሼ አይደሉም፤ መናገርን የማይወድ ፎቶግራፈርም ይኖራል። ጥያቄው ቀድሞ ከተጠየቀ ግን ቢያንስ የሚፈልገውን ታውቃላችሁ።

የቀሩትን ልብሶች ስንሠራ ዓይኔ ሥራ በዛበት። ጥለቱ ተገልብጦ ግራው ወደ ውጭ መጥቷል፣ የጡት መያዣ ማሰሪያ ከአንገቱ ሥር ብቅ ብሏል፣ የሐይቁ አድማስ ልክ በሞዴሏ አንገት ላይ አልፎ ራስዋን የቆረጠ መስሏል፣ ሊፕስቲክ ጥርሷን ነክቷል፣ በስተኋላ ባጃጅ ቆሟል። ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ ለማስተካከል አምስት ሰከንድ አይፈጁም፤ ሳይታዩ ካለፉ ግን ፎቶውን ይጥሉታል። ዓይኔን በዘፈቀደ ከማንከራተት ይልቅ ከፀጉር ጀምሬ እስከ ጫማ ወርጄ በዙሪያው ተመልሼ መውጣትን ለመድኩ።

እኩለ ቀን ላይ ወደ ስቱዲዮ ገባን። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሲነሱ የእያንዳንዱ ሥዕል የታችኛው ክፍል በጥቁር ሰፊ መስመር ተሸፍኖ ወጣ። ፍላሹ ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ጋሼ ግን የሻተሩን (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈተውንና የሚዘጋውን የካሜራ በር) ፍጥነት አይተው አስተካከሉት፤ ከደጅ ስንመጣ ካሜራው ከሰከንድ 1/1000 ላይ እንደነበረ ቀርቶ ነበር። ሌንሳቸው በሚቀየር አብዛኞቹ ካሜራዎች ውስጥ ሻተሩ ሁለት መጋረጃ ነው፤ አንዱ ይከፍታል፣ ሌላው ይዘጋል። ከ1/200 ወይም ከ1/250 በላይ ሲፈጥን ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያውን እየተከተለ ስለሚዘጋ ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር በአንድ ቅጽበት ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ፍላሹ የሚበራው ደግሞ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። መጋረጃው የጋረደው ክፍል ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ይህን በክፍል ውስጥ ተምሬው ፈተናም ወስጄበታለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ጥቁር መስመር ሳይ ነው።

ሶፍትቦክሱን፣ ማለትም የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልሰውን በጨርቅ የተሸፈነ ሳጥን፣ የማንቀሳቅሰው እኔ ነበርኩ። ጋሼ «ግማሽ እርምጃ ወደኋላ» ሲሉ እኔ አንድ ሙሉ እርምጃ እሄድ ነበር፤ ልዩነቱ ምንም አይመስለኝም። የመብራቱ ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን አንድ አራተኛ ብቻ እንደሚሆን፣ ማለትም ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ብወስደው ሦስት አራተኛው እንደሚጠፋ፣ በዓይኔ ሳየው ነው ለእርምጃዬ መጠንቀቅ የጀመርኩት። ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፌ የስታንዱን ቦታ ምልክት ካደረግሁ በኋላ ልብስ ተቀይሮ ስንመለስ ያው ብርሃን ወዲያው ይገኝ ጀመር።

በምሳ ዕረፍት ጋሼ የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች በላፕቶፕ ከፍተው አሳዩን። አይዳ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተች ፎቶግራፈር ናት፤ በሥራዎቿ ውስጥ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ በንጹሕ መልካቸው ይታያሉ፣ ፊት በቀለም ይቀባል፣ ጨርቅ ሁሉ የተቀመጠበት ምክንያት አለው። ጋሼ አንዱን ሥዕል አጉልተው «እዚህ ውስጥ በአጋጣሚ የወደቀ እጥፋት ፈልጊልኝ» አሉኝ። ፈልጌ አጣሁ። ዲዛይነሯም ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ሥራ በኢትዮጵያ ሸማኔዎች እጅ መጀመሯን አንስታ፣ የእጅ ሽመና ውጭ አገር ድረስ ሊሸጥ የሚችለው ፎቶው የክሩን ጥራት ማሳየት ሲችል እንደሆነ ነገረችን። ያን ጊዜ የጧቱ ክሊፕ እንደገና ከበደኝ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወደ አሞራ ገደል ስንደርስ ከሐይቁ ንፋስ ተነሥቷል። ሐይቁ ጧት ቢረጋም ከቀትር በኋላ ብዙ ጊዜ ይነፍሳል፤ ሶፍትቦክስ ያለበት ስታንድ ደግሞ ለንፋስ ሸራ ነው። ለዚህ የሚሸጥ የአሸዋ ከረጢት አልነበረንም፤ ሁለት ማዳበሪያ ይዘን ሄደን በዚያው አሸዋ ሞላናቸውና በስታንዱ እግሮች ላይ ጫንናቸው። ውኃ የተሞላ ሁለት ሊትር ሃይላንድ በገመድ አንጠልጥሎ ከስታንዱ መሃል ላይ ማሰርም ለቀላል ፍላሽ ይበቃል። ሆኖም ከሁሉ በላይ የሚያስተማምነው የሰው እጅ ነው፤ ሞዴል ከመብራቱ ሥር በቆመች ጊዜ ስታንዱን ለቅቄ አልሄድም። የተበላሸ ፍላሽ ይተካል፤ በሰው ጭንቅላት ላይ የወደቀ ብረት ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚያ ሰዓት ዓሣ አጥማጆች መረብ ለመጣል ጀልባዎቻቸውን ያዘጋጁ ነበር፤ አባ ኮዳዎቹም እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብስበው በዳር ቆመዋል። ለዓይን የሚስብ ስለሆነ ሞዴሏን ከጀልባዎቹ ፊት ማቆም ፈለግን። ጋሼ ካሜራቸውን ከመክፈታቸው በፊት እኔን ወደ አጥማጆቹ ላኩኝ። «አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ፤ እዚህ የልብስ ፎቶ እናነሳለን፣ እናንተም ከኋላ ልትታዩ ትችላላችሁ፣ ለማስታወቂያ ነው» ብዬ አስረዳኋቸው። ሁለቱ ፈቀዱ፣ አንደኛው ግን «እኔን ተዉኝ ልጄ» አሉ፤ ጀልባቸውን አልፈን ቆምን። ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል፤ የእኛ ፎቶ ደግሞ ለንግድ የሚውል ነበር። ፈቃድ መጠየቅ በአብዛኛው የሚወድቀው በረዳቱ ላይ ስለሆነ፣ የሚሄድበትን ዓላማ ሳይሸፋፍን የሚናገርበትን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አስቀድሞ ቢያዘጋጅ መልካም ነው።

ማታው ከጧቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ፀሐይዋ በሞዴሏ ጀርባ ስለሆነች ሸማው ብርሃን ጠጥቶ እንደ ፋኖስ ከውስጡ ይበራል፣ ፊቷ ግን ይጨልማል። ነጩን ሪፍሌክተር ይዤ ከካሜራው አጠገብ ተንበረከክሁና ሐይቁ ላይ የምትገባውን ፀሐይ ወደ ፊቷ መለስኳት። ክንዴ ይንቀጠቀጥ ነበር። በ10ኛው ልብስ ላይ የነጠላው ጥለት ሲገለበጥ አየሁና «ልብስ!» አልኩ፤ ጋሼ ካሜራውን አወረዱ፣ ሮጬ አስተካክዬ ተመለስኩ፣ ቀጠሉ። ማንም ምንም አልተናገረም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ገባች።

በሥራ ቀናት መካከል ስለሚነሱ ሌሎች ጉዳዮች በአጭሩ ልናገር። ልምምድ ላይ ያለ ሰው ክፍያ ይኑረው አይኑረው፣ ምሳና ትራንስፖርት በማን እንደሚሸፈን በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳይጠየቅ ቀርቶ በወሩ መጨረሻ የሚመጣው ቅሬታ ነው ግንኙነት የሚያበላሸው። በስልክ የምታነሱትን የሥራ ሂደት ፎቶ ደግሞ ፎቶግራፈሩና ደንበኛው ሳይፈቅዱ አታውጡ። ዲዛይነሯ ልብሶቹን ገና ለሕዝብ አላሳየችም ነበር፤ የእኔ አንድ ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ቢወጣ የሥራዋን አዲስነት ይወስድባት ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ያስቀምጠዋል፤ ረዳት ሆናችሁ የሠራችሁበትን ፎቶ የሥራ ማሳያችሁ ውስጥ ማስገባት ከፈለጋችሁ በምን ሚና እንደተሳተፋችሁ ገልጻችሁ ጠይቁ። ጋሼ ሦስት ፎቶ ሰጥተውኛል፤ ከሥራቸው «ረዳት» ተብሎ ተጽፏል።

ማታ ወደ ስቱዲዮ ተመልሰን ገላችንን ሳንታጠብና ራት ሳንበላ ፎቶዎቹን ወደ ሁለት የተለያዩ ሀርድ ዲስኮች ገለበጥን። ጋሼ አንዱን ወደ ቤታቸው ይወስዳሉ፣ ሁለተኛው በስቱዲዮው ይቀራል። ሁለቱም ተከፍተው ፎቶው መኖሩ በዓይን ሳይታይ ከሜሞሪ ካርድ ላይ ምንም አይሰረዝም፤ የካርዱን ፎርማትም ማንም ቢቸኩል ከእሳቸው በቀር አያዝም። የፋሽን ሥራ ሜካፕ፣ ልብስ፣ ሰውና ፀሐይ በአንድ ቀን የተገናኙበት ነገር ስለሆነ ካርዱ ከጠፋ ደግሞ የሚነሳ ፎቶ የለም።

ከዚያ ደብተሩን ከፍተን ሁለተኛውን ሳጥን መሙላት ጀመርን። ገመዶቹን በክንድ ዙሪያ አጥብቆ መጠምጠም ውስጣቸውን ስለሚጎዳ አንዱን ዙር ወደ ውጭ፣ ቀጣዩን ወደ ውስጥ እያደረግሁ በሰፊው ጠቀለልኳቸው። ሪፍሌክተሩን በሁለት እጄ ይዤ አጣምሜ ወደ ሦስት ትንንሽ ክቦች አጠፍኩት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ፊቴ ላይ እየተፈተለ የመታኝ ዕቃ አሁን ይታዘዘኛል። ስታንድ፣ ትሪገር፣ ባትሪ፣ ካውያ፣ ሁሉም ተመለሰ። ክሊፕ ላይ ስንደርስ 12 ወጥቶ 11 ብቻ ነበር። ቦርሳውን ገለበጥኩ፣ የመኪናውን ወንበር ሥር ፈለግሁ፤ የለም። ሳጥኑን ባዶ ተውኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዲዛይነሯ ደወለች። ጧት ከሐይቁ ዳር የተነሳውን ሁለተኛውን ቀሚስ ለመተኮስ ስትዘረጋው ሁለተኛው ክሊፕ በጀርባው እጥፋት ውስጥ እንደተያዘ አገኘችው፤ ካውያው ሳይነካው ቀርቶ ሸማው ተርፏል። አሁን ክሊፕ ልብስ ላይ ሲደረግ ቁጥሩን በእጄ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ ሞዴሏ ልብሷን ስትቀይርም ከመጋረጃው ውጭ ቆሜ ያንን ቁጥር ካልቆጠርኩ ልብሱን ለማንም አላስረክብም።